መርፌው ቁጥሩን ሲነካ

ከቀዶ ጥገናው ክፍል በስተጀርባ
ጠባብ ቤት አለችኝ። ማለዳ ስገባ
የጠባሴን ውርጭ በሩ ላይ አራግፌ
ዓይኔን የምጥለው መጀመሪያ፣ መርፌ።
የሙቀት መርፌ ነው፤ የመስፊያ አይደለም።
መቶ ሃያ አንድ ላይ ካልቆመ፣ ሰላም የለም።

መቀሱ፣ መቆንጠጫው በጨርቅ ተጠቅልሎ
ከብረት ሆድ ይገባል ዝም ብሎ።
አዲስ የመጣ ልጅ፣ ይትባረክ ይባላል፣
«በሩን ከዘጋሁት ሠላሳ ሞላ» ይላል።
«ቆይ!» እለዋለሁ፤ «በር ስለተዘጋ
ሰዓት አይጀምርም። መርፌው ሳይጠጋ
ያለፈው ማሟሟቂያ ነው፤ ከሂሳብ አይገባም።
ሙቀቱ ከወረደ፣ ሃያ ዘጠኝ ብትደርስም አይረባም፤
ከዜሮ ነው።»
መብራት ደግሞ እዚህ አገር
ሳይሰናበት ነው የሚሄደው፣ ዶፉ ሲጀምር።

አባቴ ይህን ነገር ያውቀው የነበረ
በሌላ ስም ነው። ጋራዥ ውስጥ ያደረ፣
ያንኮበሩ ላንድሮቨር ዳገት ላይ ሲያነጥስ
ክዳኑን ሳይከፍት ሕመሙን የሚለይ፣
«ፑንቲናው ነው» ይላል፤ «ባትሪውን ይዘሽ ነይ።
ሁለቱ ብረቶች ሳይጠግቡ ከተላቀቁ
ቦቢናው ባዶ ነው፤ ካንዴሎች አይስቁ።
አብዝተው ከተሳሳሙ ደግሞ ይነዳል አፋቸው።»
በክብሪት ቤት ካርቶን ነበር ልክ የሚሰጣቸው፣
«የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» እያለ፣
እናቴ በመስኮት ስትስቅበት።

ወንድሜ ሸዋንግዛው የአውቶቡስ ረዳት ነው፣
ከደሴ አዲስ አበባ።
እዚህ የሚቆሙት አሥር ደቂቃ ነው።
ያችን አሥር ደቂቃ መሥሪያ ቤቱ ኪሳራ ብሎ ይመዘግባታል፤
እኔ ግን ነጭ ጋዋኔን ሳላወልቅ እሮጥባታለሁ።
የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት በፌስታል፣
የቆላው ሙቀት ገና ከሸሚዙ ያልወጣ፣
«አባዬ እንዴት ነው?»
«ደህና ነው» ለማለት ሦስት ደቂቃ፣
ደህና አለመሆኑን ለማለት ሰባቱ አይበቃ።
ጥሩምባ።

ታናሻችን ማህደር የባንክ ኮምፒውተር ትጠብቃለች።
«ሌባው የገባበትን ቀን አይደለም የምንፈራው» ትላለች፣
«ገብቶ የቆየበትን ነው።
መቶ አርባ ቀን መብራት ሳያበራ
ከባለቤቱ ጋር ሲያድር፣ ከባለቤቱ ጋር ሲሠራ፣
ቁልፉን አንድ በአንድ እየቆጠረ።»

ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ፣
የአባቴን ጉበት፣
አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፦
«ቆይቷል።»
ማህደር እጄን ያዘች። ገብቷታል።

ስምንት ወር ተቀመጥኩ ካልጋው አጠገብ።
መድኃኒት በሰዓቱ፣ አጥሚት በሰዓቱ፣ ትራስ መገልበጥ።
በሩ ተዘግቷል፤ እኔም ውስጥ ነኝ፤
ሐሳቤ ግን የመድኃኒት ቤት ወረፋ፣
የአዳር ተረኛ፣ ከማን ልበደር።
ይትባረክ ቢሆን ገና ድሮ «ሞላ» ባለኝ ነበር።

አንድ ማታ፣ ሐምሌ ውስጥ፣ መብራት ሄደ።
ሻማ ፍለጋ ስነሣ እጄን ያዘኝ፤
አውራ ጣቱ አንጓዬ ላይ ያለውን ጠባሳ አገኘ፣
የማሽኑ በር የሳመኝን።
«ስንት ዲግሪ ነው?» አለ።
«መቶ ሃያ አንድ።»
«አብዝታችሁ ተሳስማችኋል» ብሎ ሳቀ፣ ሳል እስኪያንቀው።
እኔም ሳቅሁ። ሻማውን ተውኩት።

ስንት እንደቆየን አላውቅም።
ስልኬ ሞቷል፤ የግድግዳው ሰዓት አይታይም፤
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤
እጁ እጄ ውስጥ፣ ብረት ከብረት፣
እስኪጠግብ።

መብራት ሲመጣ እጁን ወሰደ፣ እንዳፈረ ሰው።
እኔም አልመለስኩትም፤ በማግሥቱ ሥራ ነበረኝ።

ይትባረክ መዝገቡን ይዞ መርፌውን ያያል፣
ከንፈሩን ነክሶ።
«እቴቴ፣ ነካ» ይለኛል።
«ጻፍ» እለዋለሁ፣
ፊቴን አዙሬ ጨርቅ እያጠፍኩ።