ቋጠሮ

ማታ ማታ ነፋስ አለ፣ ቱሉ ዲምቱ ዳገት ላይ፤
በብሎኬቱ ስንጥቅ ገብቶ ወገቤን የሚለይ።
ከመስኮታችን ማዶ ያ ሕንጻ ይታያል፣
ሦስተኛው ፎቅ በረንዳ የሰው ልብስ ተሰጥቷል።
እኔ ነኝ ፌራዮው፣ ብረቱን በሽቦ የቋጠርኩት፣
ርብራቡ ሲከዳኝ አየር የጨበጥኩት።

ሰባት ዓመቱ።
ሐኪሙ ትራማዶል ሲያዝልኝ ለወር ነበር፤
ለወር አልኩኝ እኔም፣ እንደ ሰው ብድር።
አንዷ ፍሬ ሌሊቱን ታሻግረኝ ነበር፣
ኋላ ሁለት፣ ኋላ... ቁጥሩን ተይው፣ ይቅር።

መድኃኒት ቤቱ "ወረቀት አምጣ" ሲለኝ፣
ከታክሲ ተራው ጀርባ አንድ ልጅ ሸጠልኝ።
ያን ቀን ነው ስንዱ፣ ከንፈሬ ጠቁሮ፣
ትንፋሼ እንደ ሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ሆኖ፣
በጥፊ የመለስሽኝ።
ልጃችን በሩ ላይ ቆማ ትቆጥር ነበር፣
ትንፋሼን። እስከ አራት ደርሳ ትጠብቃለች።

ዛሬ ኪኒኑ መቀነትሽ ውስጥ ነው፤
ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ፣ ፈትተሽ የምትሰጪኝ።
በየሁለት ሳምንቱ ሲስተር ኩለኒ ትሸርፈዋለች።
"ሕመሙን አልነቅልልህም፤
አብረኸው መሄድ ግን ትለምዳለህ" አለች።
እስከ ቦኖው ደርሼ እመለሳለሁ፤
ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ከወገቤ ሥር አስገባለሁ።

ግን ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንዱ ሲጠራኝ፣
ወገቤ ይሁን ኪኒኑ፣ ማን ይለይልኝ?
ጣቶቼ ቋጠሮ ያውቃሉ፤ ድሮም እንጀራቸው ነበር።
ትናንት ነካሁት።
ነቅተሽ ነበር፤ ዝም አልሽ።
እጄን እኔ መለስኩት፣ ወይስ አንቺ ያዝሽው?
እስካሁን አላወቅኩም።
ሃይላንዱ ቀዝቅዟል፣ ስንዱ፤
ውሃ ጣጂ።