ቀንበጡን ተዪልኝ

ሐምሌ ነው፤ በዚያ አገር ዝናብ የሚጠፋበት፣
የኮንጎ ቀይ አፈር እንደ በርበሬ ደቅቆ ከጫማ የሚገባበት።
ከምባንዛ ንጉንጉ በሞተር ተጉዤ፣
ከጀርባዬ አንዲት የበረዶ ሣጥን ይዤ፤
ውስጧ ዓሣ የለም፣ ውስጧ ክትባት የለም፣
እርጥብ ወረቀት ላይ የተኛ አንድ ዓለም፦
ሦስት መቶ ቀንበጥ፣ በየቀንበጡ ጉያ
ዓይን የሌለው አዳኝ፣
ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ የመግደል ባለሙያ።

የማማ ንሶና ማሳ ማሳ አልመሰለኝም።
ቅጠል የሸሸው ግንድ፣ ጫፉ ላይ እፍኝ ቢጫ፣
ቅዳሴ ያለቀበት የሻማ ማስቀመጫ።
አረንጓዴ ቅንቅን ጠጥቶት የቅጠሉን ወይን፣
እሷ የምትወቅሰው ድርቁን ነው፣ አንዳንዴም የዋርሳዋን ዓይን።
(አምና ከማታዲ ወደብ መርዝ አምጥቶላት፣
ዶሮዋን ፈጅቶ፣ ቅንቅኑን ይባስ አበዛላት።)

«ምን አመጣህ?»
«ቅንቅን።»
እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ሣቀች፣ አንገቷን ሰበረች፣
«ሌባ ሞልቶኝ ሌላ ሌባ!» ብላ ጎረቤት ጠራች።
«ይሄኛው ያንን ይበላል።»
«ያንን ሲጨርስ ደግሞ እኔን?»
«ይጾማል፤ ቢብስ የበቆሎ አበባ ብናኝ ይልሳል፤ አይነካም ካሳቫሽን።»
«አምላክን ሳላይ» አለች «አምኜ ሰግጃለሁ፤
ላንተ ቅንቅን ግን፣ ልጄ፣ መጀመሪያ አያለሁ።»

ከአንገቴ ክሩን ፈትቼ አጉሊ መነጽሬን ሰጠኋት፤
አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ብዙ ዝም አለች፤ ዝም አልኳት።
«ይሮጣል» አለች ኋላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
ሕፃን የተኛ ይመስል ከቀንበጡ አልጋ።

ከሰዓቱን ሙሉ ቀንበጥ ከቀንበጥ ስናስር፣
እሷ በሙዝ ልጥ፣ እኔ በስፌት ክር፣
ሕጉን ነገርኳት፦ ቀን ተኝተው ይውላሉ፣ ይወርዳሉ ማታ፤
ዓይን የላቸውም፣ መንገድ የሚያገኙት በሽታ።
ቤታቸው ለጋው ጫፍ ነው።
«አደራ ማማ፣ ቀንበጡን ተዪልኝ።»

በዚያ አገር ቀንበጥ ማለት ሳካ ሳካ ነው፤
በሙቀጫ ተወቅጦ፣ በዘንባባ ዘይት ፈልቶ፣ የሚወጣ ከጓዳ።
«ታዲያ ወጤን ልተው» አለች፣ «ለማይታይ እንግዳ?»

በጥቅምት ተመለስኩ፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም፤
የመንገድ ዳሩ ግንድ ሁሉ ጫፍ የለውም።
አርባ ቆጠርኩ። አርባ አንድ። ደሜ ፈላ።
«የታለ አደራዬ?» ብላት፣ «ልጄ አራስ ናት፤ ምን ትብላ?»

ለአራስ የሚሆን መልስ አልነበረውም የተማርኩት ትምህርት።
ተንበርክኬ ገባሁ ወደ ማሳው አንጀት።
እዚያ ቅጠሉ እንደ መዳፍ ተዘርግቷል፤
ሰባት ጣት፣ ሰባቱም አረንጓዴ።
ገልብጬ ጀርባውን ባየው፦ የቅንቅን ገለባ፣
ተመጥጦ የደረቀ፤ አጠገቡ እንቁላል፣ ጥርት ያለ እንደ እንባ።
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል ነበር፤
ይሄኛው ቀስም አላለ፤ በሁለት ቀን ስድስት እግር!

«ከደጅ ነው የቀጠፍኩት» አለች ቆማ ከኋላዬ፣
«መሀሉ የዘበኞቼ ነው፣ ዳር ዳሩ የእኔ ድርሻዬ።
ደሞዝ አይጠይቁኝ፣ ቆመጥ አይዙ፣ አይጠጡ፤
ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ። ለመሆኑ ከየት መጡ?»

«ከብራዚል።»
«በመርከብ?»
«ካሳቫውም ከዚያው ነው፣ ድሮ፤
ቅንቅኑ ኋላ ደረሰ፣ ጠላቱ እዚያው ቀርቶ ኖሮ።»
ጣቷን ግንዱ ላይ አሳረፈች።
«ከእኛም ወገን አለ፣ በዚያ መርከብ ሄዶ የቀረ፤
እሱን በሣጥን አዝሎ ሊመልስ ማን ሞከረ?»

ሣጥኔን አየሁት። ባዶ ነው፣ ክዳኑ ላይ አቧራ።

ከዚያ ገባች መሀል፣ ያን ያህል ከጠበቀችው ቦታ፣
ሃያ ቀንበጥ ቀጠፈች፣ አንድ በአንድ፣ በእርጋታ፣
በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ፦ «ከወንዙ ማዶ እህት አለችኝ፤
ዘበኛ የላትም። ንገራት፣ እንዳትወቅጣቸው።»

የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ።
ሣጥኑን ከደንኩት። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ሳይመሽ መሽቶላቸው፣
ከጀርባዬ በዚያ ዝናብ፣ ይሄኔ ሥራ ላይ ናቸው።