ግማሽ ቀን

አባባ ውል አያውቅም ነበር።
«ነስሮ ልጄ፣ ሙሜ ወንድሜ፤
አንድ ጡት የጠባ ይፈራረማል?» እያለ፣
ቅዳሜ ማታ ሳቢያን፣ በፒክአፑ ኮፈን ላይ ብር እየደረደረ፣
ማን ስንት ቀን እንደዋለ በጣቱ አንጓ እየቆጠረ።
ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ።

ዘንድሮ አዲስ ሕግ ወጣ፤ ተቆጣጣሪዋ መጣች።
የብረት መወጣጫ፣ ሄልሜት፣ የወገብ ቀበቶ፣
ለእያንዳንዱ ሰው ውል፣ በሁለት ቅጂ፣ ማኅተም ተመቶ።
ገንደ ቆሬ ያቆምነውን አጣና በጫማዋ ጫፍ ነካችው፤
እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተንቀጠቀጠ።
አባባ ሳቀ። ላቡን ግን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ።

ማታ ፎርሙን ስሞላ፣
«አሠሪ» ብዬ አባቴን፣ «ሠራተኛ» ብዬ ወንድሜን፣
እስክሪብቶዬ አንድ ብሎኬት ሳያነሳ
ቤታችንን ለሁለት ከፈለ።

ከታች አንድ ረድፍ፦ «ከዚህ በፊት የደረሰ አደጋ»።
አሮጌውን ደብተር ገለጥኩ።
የአጎቴ የሙሜ ስም ሐሙስ ላይ ይቆማል፤
«ግማሽ ቀን። ተከፍሏል።»
ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

«ባዶ ልተወው?»
አባባ ወደ ደቻቱ አየ፣ ወደ ደረቁ አሸዋ፣
ጎርፍ እንደሚጠብቅ ሰው።
«ጻፊው» አለኝ ቆይቶ። «ቀኑንም ሙሉ አድርጊው።»