ቀዝቃዛ ውሃ

ፒያሳ ቁልቁለት፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፣
ፍላሽ እሞላለሁ፤
በአሥር በአሥር ብር ለልጆች እሸጣለሁ የባዕድ አገር ሞትን።
ርዕስ አይጠይቁኝ፣ ማን እንደሠራውም፤
«ደም አለው?» ነው ቃሉ። ከሌለው አይገዙም።

አባቴ ቪዲዮ ቤት ሲያሠራ፣ በሃምሳ ሳንቲም መግቢያ፣
አንድ ጩቤ ይበቃ ነበር፣ አንድ የበር ሲጥጥታ፤
ሰዉ ሽንቱን ይዞ ነበር ከአዳራሹ የሚወጣ።
ዛሬ ደሙም እንደ ጤፍ በየወሩ ጨመረ፤
አምና ያስጮኸን ሁሉ ማዛጊያ ሆኖ ቀረ።

ባለፈው ሐምሌ ላይ፣ ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣
መብራት ሦስቴ ሄዶ፣ ሦስቴ ተመልሶ፣
አዲስ የመጣውን ይዤ ገባሁ ቤቴ፣
ሳልሸጥ ልቅመሰው ብዬ። ነበረች አክስቴ።

አክስቴ ዙበይዳ፦
ሃያ ስድስት ዓመት ሆስፒታል ያጠበች፣
አንሶላና ጋውን ስታሽ የጣቷን አሻራ በበረኪና ያጣች፤
መታወቂያ ልታወጣ ማሽን ላይ ቢያስነኳት
«ጣትዎ አይነበብም፣ እማማ» ብለው የመለሷት።

ፊልሙ ጀመረ። መጋዝ ጮኸ። ክንድ ወደቀ።
ደሙ ጣራ ነካ፣ አምፖል አጠፋ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ዘለቀ፤
መጋረጃው ላይ፣ የልደት ኬኩ ላይ፣ ድመቷ ላይ ሳይቀር።
እኔ፣ ምን ልደብቅ፣ ትራስ አቅፌ ነበር።

እሷ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ ሽምብራ ትቆረጥማለች።
«ይማም» አለች፣
«ይሄን ቤት ማን ነው የሚያጥበው?»

«ምን?»

«መጋረጃው ሐር ነው። እየውማ!
ሳይደርቅ ካልነከሩት ጉድ ሆኑ።
ለመሆኑ ስንት ሰው ነው የሞተው?»
«ገና አንድ።»
«አንድ?» ሳቀች፤ ሽምብራው ትን አላት።
«የአንድ ሰው ደም እኮ ያቺ የዘይቷ ጀሪካን ናት፣
ባለ አምስቷ። እሷም ከሞላች።
ወይስ ይሄ ሰውዬ ቧንቧ ውሃ ነው ሰፈሩ፣
መዝጊያው የተነቀለበት ከነሥሩ?

ቀለሙስ? ስልስ እኮ ነው።
የእውነቱ እንዲህ ቀልቶ አይቆይም፤
ይጠቁራል፣ ይረጋል፣ ጉበት ይመስላል፣
ጫፍ ጫፉ እንደ ኅዳር ጭቃ ይሰነጠቃል።
ሽታውስ? ሳንቲም አፍህ ውስጥ ከተህ ታውቃለህ?
እንደዚያ ነው። እሱን በፍላሽ እንዴት ትጭነዋለህ?»

ሁለተኛው ሞተ፤ አንጀቱ እንደ ጎማ ቱቦ ተዘረገፈ።
ሦስተኛው። አራተኛዋ፣ በመሰላል።
አክስቴ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ለሚራወጡት ትመክራለች፦
«ኧረ በሙቅ ውሃ እንዳትነኩት!
ሙቅ ያበስለዋል፣ ከክሩ ጋር ያጋባዋል፤
ደም በቀዝቃዛ ነው፣ ጣት በሚቆርጥ ውሃ ነው የሚለቀው!»
ትራሱን ለቀቅኩ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ በሁለት ግድያ መሐል፣ እንደ መሸጋገሪያ፣
አንድ አልጋ ታየ። የልጅ አልጋ። የተነጠፈ።
ሁለት ሰከንድ። አለፈ።

«አቁመው» አለች።
«ምኑን?»
«መልሰው።»

መለስኩት። ነጭ አንሶላ፣ ምንም የሌለበት።
ሽምብራው ጉንጯ ውስጥ ቆመ።

«አንድ ጊዜ ከሕፃናት ክፍል እንደዚህ ያለ መጣልኝ።
ጠብታ የለበትም። ሽንት እንኳ።
መሐሉ ላይ ብቻ ትንሽ ጭምድድ፣
ድመት የተኛችበት የሚያክል።
ሌላውን ሁሉ አጠብኩ። እሱን ሦስት ቀን አቆየሁት።
ደም ቢሆን አውቅበት ነበር።»

እግሯን ከሳፋው አወጣች፤ ውሃው በርዷል።
«በል ቀጥል» አለች፤ «ያ ባለ መጋዙ ይምጣ።»

በነጋታው አንድ ልጅ ከሱቄ ደጃፍ ቆመ፣
ጃኬቱ በጉም የረጠበ።
«ደም አለው?»
«በበርሜል» አልኩት።
አሥር ብሩን ሰጠኝ።
አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ስላለው ነገር
አልነገርኩትም።