አፍንጫ ሲመቱት

ውርጭ ነው ግሮኒንገን፤ ቦዩ ቆዳ አውጥቷል፤
የሕፃናት መዋያው ሾርባ ሾርባ ይሸታል።
አሥራ ሁለት ጃኬት፣ አሥራ ሁለት ንፍጥ፣
አሥራ ሁለት አፍንጫ፣ ለእኔ የሚገለጥ።

የፌና ተራ ነው፤ ሦስት ዓመቷ ገና፤
«ትንሽ ይኮረኩራል» ብዬ ዋሸሁ ለፌና።
ዘንጉ ከነጥጡ ገባ እስከ ጉሮሮ ጓሮ፤
ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ወዲያው ተቸግሮ።
አበው አልዋሹንም፦
አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ነው የሚያለቅስ።
«የእኔ ነው!» አለችኝ፤ «ንፍጤን አሁን መልስ!»

አልመለስኩላትም።
ሣጥኗን ከብስክሌቴ ኮርቻ ኋላ አስሬ፣
ነፋሱን ስታገል፣ ቦይ ለቦይ በርሬ፣
በበግ ደም የቀላ ሳህን ላይ ዘራሁት፤
በሰው ገላ ሙቀት ሌሊቱን አሳደርኩት።
ሲነጋ በቅሏል፦
ጤዛ የሚያህል ነጥብ፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣
ዙሪያውን አረንጓዴ ቀለበት የሳለ።
መጽሐፉ ይህን ኑሮ ቅኝ ግዛት ይለዋል፤
ባንዲራው የታል ግን? ማን ማንን ይገዛዋል?
ጭሰኛ ነው እንጂ፣ ኪራይ የማይከፍል፣
ጥቂት ወራት ከርሞ ሳይሰናበት የሚነቅል።
ከወንድሟ ከዬሌ ይሆናል ያገኘችው፣
እሱ የላሰውን ማንኪያ ቀምታ ስትልሰው።

ማክሰኞ ማክሰኞ አያቷ ነው የሚወስዳት፣
ጀልባ ጠጋኙ ዊበ፣ ጉልበቱ እየጮኸ የሚሸከማት።
በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ አፍንጫዋን በአፍንጫው ያሻል፤
ፊቱ ላይ ታስነጥሳለች፤ እሱ «ጨምሪ» ይላል።

በየካቲት ቀረ።
አንድ አክታ ደረሰኝ፤ ቁጥር እንጂ ስም የለው፤
ሰባ ዘጠኝ ዓመት፤ የሳንባ ምች ነው።
ሳህኑን ከሳህኗ ጎን አስቀምጬ አየሁት፤
ያው አረንጓዴ ቀለበት። ያው ዓይነት። ዝም አልኩት።
ከተማው ሙሉ ያው ነው፤ ከአውቶቡስም ይያዛል፤
ለእናቷስ ምን ልበል? መሳም እንዴት ይከሰሳል?

ሚያዝያ ላይ መጣ፣ በምርኩዝ፣ ኮቱ ሰፍቶት፤
ፌና ንፍጧን እያዝረበረበች ሮጣ ተጠመጠመችበት።
ጓንቴ እጄ ላይ ነው፤ ቃሌም አፌ ላይ ነው፤
እሱ ግን ጎንበስ አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ድሮው።

ዓይኔን ጠራረግሁ።
አፍንጫዬን ማንም አልነካኝም።