አራተኛው ማዕዘን

የመጣሁ ሰሞን ነው፤ ሰኔ፣ ቤቱ ሲያፈስ፣
አማቴ ሴራፊና ያረጀ ሳሪዋን ለወለሉ ስታለብስ፣
«ተቀመጪ» አለች፤ መርፌ ሰጠችኝ፣
ከማዕዘኑ ጫፍ ላይ ጣቴን አስያዘችኝ።
«ካዋንዲ ከዳር ነው። ዞረሽ፣ ዞረሽ፣ ዞረሽ
መሀሉን ታገኚዋለሽ።»
«ከመሀል ብጀምርስ?» አልኳት ገና በቀን አንድ።
«ይሆናላ!» ሳቀች፣ «ተጣሞ ይወጣል እንደ ፍየል ቀንድ።»

ቀን ቀን እሰፋለሁ። ማታ፣ ተኝታለች ስል፣
በኩራዝ ብርሃን ክሬን ትፈታለች፤ ጥስ… ጥስ… ሲል
ይሰማኛል።
ጠዋት ምንም አትል፤ ምንም አልል እኔም፤
እንደገና ከጥጉ። ዝናቡም እንደገና፤ ማናችንም አልደከመንም።

ባስትያን ሲወለድ ሁለት ዙር ሄጄ ነበር፤
ባንድ እጄ እሱን ታቅፌ፣ በሌላ እጄ ክር።
መርፌ በጥርስ ነክሶ ሽንት ጨርቅ መቀየር፣
ሩዙ ሲገነፍል ጨርቅ ጥሎ መብረር።
አራት ስፌት፣ ልቅሶ። አሥር ስፌት፣ ልቅሶ።
አንዳንድ ቀን ሦስት ብቻ፤ እሱም ከእንቅልፍ ተቀንሶ።

ጠጋ ብሎ ላየው ቀኑ ይታወቃል፤
ልጁ ያተኮሰው ሳምንት ስፌቱ ይራራቃል፤
ኢናስ ሸንኮራ ሊቆርጥ ሩቅ የሄደ ጊዜ
ይጠብቃል፤ ይጣበቃል፤
ሌሊቱ ረጅም ነበራ።
ይህ ቀዩ ሠርጌን ያየ፤ ይህ የአማቴ እናት፤
ይህ የስንዴ ከረጢት ነው፣ ግማሽ ፊደል ቀርቶበት።

ጎረቤቴ ፊሎመና ከሃልያል ገበያ
አዲስ ብርድ ልብስ አመጣች፣ ነብር ያለበት፣ ለእኛ ማሳያ።
«ስንት ዓመትሽ በዚህ ድሪቶ? ይኸው በርካሽ ይገኛል» አለች።
መልስ አጣሁ። ሴራፊና ነብሩን ዳበሰች፣
«ቆንጆ ነው» አለች፣ «ግን ማንንም አያውቅም።»
ስቀን ሸኘናት። ማታ ግን አልሳቅሁም።
እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ነብር ቀናሁ፤
ጣቴ ቆስሎ ነበር፤ ጨርቁን ወርውሬ ተኛሁ።
ሁለት ወር ሙሉ
ዶሮዋ እንቁላል ጣለችበት።

ያነሳሁት በአማቴ ዓይን ነው።
አንድ ጠዋት ክር ይዛ የመርፌውን ቀዳዳ ስታጣ፣
ጫፉ አየር ላይ ሲዞር፣ በገዛ እጇ ስትቆጣ፣
ባስትያን፣ የአምስት ዓመቱ ሰው፣ ከጣቷ ወሰደና
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክሩን ምራቅ አስነክቶ፣ ሰካው፤ ሰጣት መለሰና።
ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ አሥር መርፌ ክር አስገብቶ፣
ትራሷ ላይ በሰልፍ ሰክቶ፣
ወደ ትምህርት ቤት ይሮጣል፣ ግማሽ ቁርሱን ረስቶ።

አሁን በጣቷ ነው የምታነበው። ስፌቴን ትዳብሳለች ማታ ማታ።
አንድ ሌሊት ጆሮዬን ጣልኩ፤ ጥስ የሚል የለም። ጸጥታ።
በጨለማው ውስጥ ብቻዬን ፈገግ አልኩ፤
ኢናስን ልቀሰቅሰው ነበር፤ ተውኩ።

መሀሉ ጠበበ፤ እንደ ትሪ፣ ኋላ እንደ ሳህን።
ማርቲና ገብታ ተቀመጠች ባዶው ላይ፣ «ቤቴ ነው» ብላ፤ «አትንኪብን!»
(ከአሻንጉሊቷ ጋር ናት።)
አላስነሳኋትም። ዙሪያዋን ሰፋሁ።
ሲመሽ እንቅልፍ ሲጥላት አንስቼ
የተቀመጠችባትን መዳፍ የምታህል ቦታ ከደንኩ።

ፉላ የሌለው ካዋንዲ ራቁቱን ነው፣ ይላሉ እኛ ዘንድ፤
አራት ማዕዘን፣ አራት አበባ፣ በየጥጉ አንዳንድ።
ሦስቱን ሰፋሁ።
ሴራፊና ጠርዝ ጠርዙን በጣቷ ሄደች፤
አራተኛው ጥግ ላይ ቆመች።
«ይሄስ?»
«ሰማያዊ ነው የማስበው። የባስትያን ሸሚዝ።»
«ታዲያ የታለ?»
«ለብሶት ወንዝ ወርዷል።»

ከወንዙ በኩል የልጆች ጩኸት ይመጣል፣ ይሄዳል።
እጇን ከጥጉ ሳታነሳ ጥቂት አዳመጠች።
«እንግዲያ አትጥሪው» አለች።