የደረሰኝ ጀርባ

ሳልሚያ ሰማዩ አፈር ለብሶ ዋለ፣
ባሕሩም ከመስኮት ተነሥቶ ኮበለለ።
ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ኤሲው ያጓራል፣
ሚሻሪ በሆዱ ምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ «ሰለቸኝ» ይላል።

«ሉባ፣» አለች ጁሪ፣ «ዳይኖሰር እንሥራ፣
አንገቱ ረጅም፣ ጥርሱ የሚያስፈራ።»

የቴምሩን ካርቶን በመቀስ ከፈልኩ፤
የማውቀው እንሽላሊት፣ የካብ ሥር ነዋሪ፣
እሱን ብቻ አስቤ ሆዱን አገዘፍኩ።
አንገትና ትከሻው በሸሚዝ ቁልፍ ተጋጠመ፤
ክሩን ሲስቡት ቀና፣ ሲለቁት አጎነበሰ፣ ደግሞ ቆመ።
«እሺ፣ እሺ ይላል!» ብለው ተንከተከቱ።
እኔም ሳቅሁ። በመጣሁ ዓመት እንዲሁ ነበርኩ፣
ክሩን ማን እንደያዘ ሳላይ፣ እሺ እያልኩ።

«ጀርባውስ!» ሚሻሪ ነው። «ሾህ አለው በረድፍ፣
እንደ መጋዝ ጥርስ፣ እንዲህ ነው በመጽሐፍ።»
ወረቀት ግን አለቀ። ካርቶን እንደሁ አይታጠፍ።

ከሻንጣዬ ኪስ የሐዋላ ደረሰኝ አወጣሁ፣ በላስቲክ የታሰረ፣
ይኼ የቤቱ ቆርቆሮ፣ ይኼ የወንድሜ ኮሌጅ፣
ይኼ... የምን ነበረ?
ሙቀት ይሁን ዕድሜ ቀለሙን ልሶታል፣
ካንዱ ላይ ስሜ፣ ካንዱ ላይ ቁጥሩ፣
ካንዱ ላይ ሁሉም ጠፍቶ ነጭ ቀርቷል።
እጥፍ፣ እጥፍ አድርጌ በሙጫ ሳስገባ
ሰባት ዓመት ታጥፎ ሆነ የአውሬ ጀርባ።

ጁሪ በአረንጓዴ እየቀባች ወረደች፣
አንዲት ዜሮ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች፣
በጥቁር አከበበቻት፣ ዓይን አደረገቻት።
«ጀርባ ላይ ዓይን አለ እንዴ?» አልኳት።
«ኋላውን እንዲያይበት።»

ሶፋው መድረክ ሆነ፣ ፀሐዩ የስልኬ መብራት፤
በፎይል የተጠቀለለው ድንጋይ ሊወርድ ነው ከሰማያት።
በመጽሐፉ እንዲያ ነው፤ እሳት ይዘንብና ሁሉም ያልቃሉ።
የጁሪ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፦
«ሞቋቸው ነው። ኤሲውን ጨምሩት፣ ይድናሉ።»

ጨመርን።
ዳኑ።

ሚሻሪ ግን ሁሉን አዋቂ ነው፦
«አባቴ ነግሮኛል፣ ሞተው ነው ነዳጅ የሆኑት።
አንቺ አገርስ፣ ሉባ፣ ምን ሆኑ የሞቱት?»
«እንጃ፣» አልኩ፣ «እኛ ጋ ሲቆፈር የሚፈለገው ውሃ ነው፤
እሱም ሲገኝ ነው።»

ማታ አቧራው ጋብ ሲል ከመጋረጃው ዘንግ ሰቀልነው፤
የኤሲው ንፋስ ጀርባውን ከፈት፣ ከደን አድርጎ አስተነፈሰው።
ሚሻሪ ቀና ብሎ መረመረና፣ «ጅራቱ አጠረ፣» አለ፣
«ሌላ የሚታጠፍ ወረቀት የለሽም?»
«ለጊዜው የለ።»
«መቼ ታመጫለሽ?»
«ደመወዝ ሲሰጡኝ።»
ትንሽ አሰበ።
ከዚያ «ዩማ!» እያለ ወደ እናቱ ክፍል ሮጠ።